ዝርዝሩ ላይ የሌለችው አራተኛ

ሰኔ 9

ልጅህ ትናንት በተካሄደው የጫካ ሩጫ አራተኛ ወጥታለች።

ይድረስ ለወንድሜ። ሰላምታውን ወደ ታች ያወረድኩት አውቄ ነው። አንተ ደብዳቤ ስትከፍት ዓይንህ መጀመሪያ የሚሮጠው ክፉ ወሬ ፍለጋ ስለሆነ በደጉ ልቅደምህ ብዬ ነው። አሁን ተንፍስና ሰላምታዬን ተቀበል። ጤናህ፣ ወገብህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ፈጣሪ ከወጣህበት በሰላም ይመልስህ፤ የሰው አገር አይክበድህ። እኛ ደህና ነን። ጣራው ያፈሳል፤ የሚያፈሰው ግን ከስፌት መኪናዬ ራቅ ብሎ ስለሆነ አልተጣላንም።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። መስመሩ ‹‹ሃሎ›› እና ‹‹ይሰማል?›› ከሚሉት በላይ አላሳልፍ አለኝ፤ ይህን ወሬ ደግሞ ቆራርጬ ልሰጥህ አልፈለግሁም።

ሩጫው ከኳስ ሜዳው ተነስቶ በጫካው ውስጥ ባለችው ቀጭን መንገድ አቀበቱን ይወጣል፤ ወንዙን ያቋርጥና አጭር ዳገት ወጥቶ በሸክላው ቁልቁለት ወርዶ እዚያው ሜዳ ላይ ያልቃል። ስልሳ የሚያህሉ ልጃገረዶች ነበሩ። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡትን ክለቡ ይወስዳቸዋል፤ ማደሪያው፣ ትምህርቱ፣ አሰልጣኙ ሁሉ በክለቡ ነው። ልጅህ ከዓመት በፊት ጀምሮ የምታልመው ይህንን ነበር። ሰፈርተኛው ለቅጥነቷ ያወጣላት ‹‹ሽቦ›› የሚለው ስም አሁን ሜዳም ገብቷል። የአሁኑ አሰልጣኟ መድረሻው ላይ ጠብቆ ‹‹ወይ ሽቦ! ዛሬስ ብረት ሆነሽ መጣሽ›› አላት።

አንድ ነገር ልለምንህ። ከሥሩ ጥርስ ያለው የመሮጫ ጫማ ብታገኝ ላክላት። የነበራትን አንዱን እግር ጭቃ በልቶታል።

እህትህ

ሰኔ 23

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ። ሰላምታዬ ከዚህ ድረስ መጥቶ ደጃፍሽን ያንኳኳ። ፈጣሪ እጅሽን አይንሳን፤ ያ እጅ ነው ልጄን ያሳደገልኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነው። አውቶቡሶቹ ከስምሪት ሲመለሱ የማጥበው እኔ አይደለሁ? የመጀመሪያዋን መስመር አንብቤ የውሃውን ጎማ እንደ ተከፈተ መሬት ላይ ጣልኩት። አለቃዬ መጣና ‹‹አንተ ሰውዬ፣ የምታጥበው አውቶቡሱን ነው ጋራዡን?›› አለኝ።

‹‹ልጄ አራተኛ ወጣች›› አልኩት።

‹‹ከስንት?››

‹‹ከስልሳ።››

ሄዶ ቧንቧውን ራሱ ዘጋልኝ።

መካኒኩ፣ ‹‹ረጅሙ›› የምንለው፣ እንደ ልማዱ አላለፈኝም። ‹‹አራተኛ ማለት እኮ ሜዳሊያውን ከቅርብ ያየች ማለት ናት›› አለ። እኔም ‹‹አንተ እስቲ በዝናብ እስከ ዋናው በር ሩጥና ምን እንደምታይ ንገረን›› አልኩት። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ።

እትዬ፣ እኔ ጭቃ አውቃለሁ። በየቀኑ ከጎማ ሥር የምፍቀው እሱን ነው። የሸክላ ጭቃ ከሌላው ይለያል፤ ሙጫ ነው፣ በውሃ ግፊት እንኳ በአንድ ጊዜ አይለቅም። እዚያ ላይ ሰው ቆመ ቢሉኝ እደነቃለሁ። ሮጠ ሲሉኝ፣ ያውም የኔዋ፣ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት።

ጫማውን እልካለሁ። የእግሯን ቁጥር ግን አልጻፍሽልኝም። እናቷ ካረፈች በኋላ ላንቺ ትቻት ስወጣ እግሯ በመዳፌ ውስጥ ያድር ነበር፤ አሁን ስንት እንደ ደረሰ በምን ልወቀው? ቁጥሩን ጻፊልኝ። ሩጫውንም ሳታሳጥሪ ጻፊልኝ። ፎቶ ካለም አትርሺኝ።

ወንድምሽ

ሐምሌ 6

ይድረስ ለወንድሜ። ደብዳቤህ በደህና ገብቷል፤ አንተንም እንዲሁ በጤና ያግባህ። ሳላሳጥር ጻፊ ስላልክ ሥራዬን አስቀምጬ ተቀምጫለሁ።

ዝናቡ የጀመረው ገና ሳይነጋ ነው። ሜዳው ላይ ስንደርስ ዶፍ ሆኖ ነበር። ሩጫው ይቀራል ብለን ስንጠብቅ አንዱ አዘጋጅ በድምፅ ማጉያ ‹‹ዝናብ የፈራ ወደ ቤቱ ይግባ!›› አለ። ራሱ ግን ድንኳን ውስጥ ነበር።

ሯጮቹ ደረታቸው ላይ የሚለጥፉት የወረቀት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ሌሎቹ በመርፌ ቁልፍ አያያዙት። እኔ ሰማዩን ከዋዜማው አይቼው ስለነበር ከወረቀቱ ጀርባ የኮሌታ ማጠንከሪያ ጨርቅ አድርጌ ካናቴራዋ ላይ በመኪና ሰፍቼላታለሁ። የሌሎቹ ወረቀት ጫካው ሳይደርሱ እንደ ረጠበ ዳቦ ሲፈራርስ የእሷ 37 ቁጥር ንቅንቅ አላለም።

እኔ ላስቲክ ለብሼ ከሸክላው ቁልቁለት ሥር ቆምኩ። ከዚያ ሆኖ ወንዙም ይታያል፤ መድረሻውም በእርምጃ የሚደረስ ነው። ልጆቹ ከጫካው ሲወጡ ሁሉም አንድ ቀለም ሆነዋል። ፀጉር የለ፣ ፊት የለ፣ ማልያ የለ፤ ጭቃ ብቻ። እናቶች የሌላ ሰው ልጅ በልጃቸው ስም እየጠሩ ይጮሃሉ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ‹‹ልጄ!›› ብላ ዘላ ገብታ አንዷን አቀፈቻት፤ ፊቷን በሻርፗ ስትጠርገው የማታውቃት ልጅ ናት። ልጅቷም ‹‹ግድ የለም እማማ፣ ብቻ ልለፍ›› አለቻት።

ሽቦን በአሯሯጧ አወቅኋት። ወንዙን ተሻግራ ዳገቱን ስትረግጥ ግራ እግሯ እስከ ጉልበቷ ሰመጠ። ስትነቅለው ባዶውን ወጣ። ጎንበስ ብላ ክንዷን እስከ ብብቷ ከተተች፤ ፈለገች፤ የለም። በዚህ መካከል ሦስት ልጆች አለፏት። ቀና ብላ አየቻቸውና ጫማውን ለጭቃው ተወችለት። አራተኛ ነበረች፤ ሰባተኛ ሆነች ማለት ነው።

አሁን የምነግርህን ልብ ብለህ አንብብ። ቁልቁለቱ ላይ ሁሉም ውሃውን ሸሽተው ዳር ዳሩን ይወርዱ ነበር፤ ዛፍ እየያዙ፣ በጎን እየተራመዱ፣ እየወደቁ። እሷ አፋፉ ላይ አንድ አፍታ ቆመች። ከዚያ ጎርፉ የሚወርድበትን ቦይ መረጠች። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ፤ ልጅቷ አብዳለች አልኩ። ለካ ውሃው ሸክላውን አጥቦ ወስዶት ከሥሩ ጠጠሩን አውጥቶታል። ሌላው ሁሉ ድጥ ሲሆን እዚያ እግር ይይዛል። ያን ሁሉ ጎርፍ እየረገጠች፣ አንድ እግሯ ባዶ፣ እጆቿን እንደ ሚዛን ዘርግታ ቀጥ ብላ ወረደች። ሦስቱንም አለፈቻቸው። ከእኔ ጎን የቆሙት ሰዎች መጮህ አቆሙ። የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነበር።

አራተኛ ገባች። ቀጥሎ አምስተኛዋ። ስድስተኛዋ መስመሩ ላይ አዳልጧት በደረቷ ተንሸራታ ገባች። ሽቦ ተመልሳ አነሳቻት፤ ሁለቱም ድጋሚ ወደቁ።

ሠርግ የሚያነሳው ፎቶ አንሺ እዚያ ነበር። ፎቶውን ገና አልሰጠንም። ጫማውን ደግሞ አትቸኩል፤ ይደርሳል።

እህትህ

ሐምሌ 19

ይድረስ ለእትዬ። ጤናሽን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

ደብዳቤሽን ጋራዥ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ቦዩ የጻፍሽው ጋ ስደርስ አለቃዬ ‹‹ድገመው›› አለኝ። ደገምኩት። ረጅሙ እንኳን ‹‹ይህቺ ልጅ መኪና ብትነዳ አንድም ጎማ አታስቀይረንም ነበር›› አለ። እሱ ሲያመሰግን ከዚህ በላይ አይሄድም።

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ‹‹ቆይ፣ ውጤቱ ይፋ ይሆን የለ እንዴ?›› ብሎ የውድድሩን ገጽ ከፈተ። ሁላችንም ስልኩ ላይ አቀረቀርን። አራተኛ ላይ የሌላ ልጅ ስም አለ። አምስተኛም ሌላ ናት። ከላይ ወደ ታች አየነው፣ ከታች ወደ ላይ ተመለስን። ልጄ የለችም። ረጅሙ ሳይቀልድብኝ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው። ስልኩን ኪሱ ከተተና ‹‹ገጹ ተበላሽቶ ይሆናል›› አለ። እሱ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ፣ ልጅቷ ሮጣለች ወይ?

አንቺን ውሸታም ማለቴ አይደለም፤ አንደበቴ ይያዝ። ግን ሰው የራቀውን ወንድሙን ላስደስተው ብሎ አንዳንድ ነገር ሊያሳምር ይችላል። ብቻውን ነው፣ ቢደሰት ምን አለበት ብለሽ ከሆነ ይገባኛል። ሃምሳኛ ብትወጣም፣ አቋርጣ ብትገባም ልጄ ናት። ‹‹ጫማውን አትቸኩል›› ያልሽውን አሁን መልሼ ሳነበው ሌላ ድምፅ አለው። ከዚህ በኋላ ፎቶም ጫማም አልጠይቅሽም። እውነቱን ብቻ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ነሐሴ 8

ይድረስ ለወንድሜ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ለእኔም ይህን ደብዳቤ የምጨርስበት ወኔ ይስጠኝ። መልሴ የዘገየው ፖስታ ቤቱ ዘግቶ አይደለም።

ሮጣለች። አራተኛም ወጥታለች። የጻፍኩልህ ሁሉ አንድ ክር አልተጨመረበትም። ስሟ የጠፋው በእኔ ነው።

በዋዜማው ቁጥሯን ስሰፋ ሽቦ ጓዳ ገላዋን ትታጠብ ነበር። ከወረቀቱ ጀርባ፣ በታችኛው ጠርዝ፣ አንድ ስስ ቁራጭ ነገር ተለጥፎ አገኘሁ። ሱቆች ልብስ እንዳይሰረቅ የሚለጥፉት ምልክት መሰለኝ። የእኔን እጅ ታውቀዋለህ፤ እንዲህ ያለ ነገር ካየ አያርፍም። የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋም አስቀድሜ የምቆርጠው ቆዳ የሚያሳክከውን ነው። ቆረጥኩት፤ ጠርዙን አስተካከልኩ፤ ሰፋሁ። ለልጅቷም ምኑንም አልነገርኳት፤ ምኑ ይነገራል ብዬ!

ለካ ቺፕ የሚሉት እሱ ኖሯል። መድረሻው ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ እያንዳንዷ ስታልፍ ጢጥ እያለ የሚመዘግበው በእሱ ነው። ሽቦ ስታልፍ ጢጥ አለማለቱን በዚያ ዝናብ ማን ይስማ! የገቡበትን ተራ በእጅ ይጽፍ የነበረው ሰውዬም ወረቀቱ ርሶ ቀለሙ ፈሶበታል። ሰኞ ዝርዝሩ ሲለጠፍ አምስተኛዋ አራተኛ፣ ስድስተኛዋ አምስተኛ ሆነው ወጡ።

አሰልጣኙ እቤት መጣ። ‹‹ቺፕ ውሃ አይፈራም። ከጀርባው መኖሩን አይታችኋል?›› አለ። ሽቦ ካናቴራውን አምጥታ ‹‹ከጨርቁ ሥር ነው፣ አክስቴ ሰፍታበታለች›› አለችው። ‹‹ፍቺውና እንየዋ›› ሲላት ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹‹አክስቴ የሰፋችውን እኔ አልፈታም። የውድድሩ ኮሚቴ ይፍታው›› አለች። እኔ ያን ጊዜ ብርጭቆ የማጥብ መስዬ ጀርባዬን ሰጥቻቸዋለሁ። እነሱ ሲወጡ የቁርጥራጭ ጨርቁን ጆንያ ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። እዚያው አገኘሁት።

የፎቶ አንሺው ፎቶ ደርሶናል። መስመሩን ስታልፍ 37 ቁጥር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሁለቱ ልጆች ከኋላዋ ናቸው። ስለዚህ አራተኛ መውጣቷን የሚክድ የለም። የቀረው ጥያቄ ቺፑ ምን ሆነ የሚለው ነው። ራሱ ተበላሽቶ ከሆነ ጥፋቱ የአዘጋጆቹ ነውና ቦታዋ ይመለስላታል። በሯጯ በኩል ተቆርጦ ከሆነ ግን ኮሚቴው እንደ ፈቀደ ነው፤ ይመልሳልም፣ ይሰርዛልም። ካናቴራውን ይዛችሁ ቅረቡ ብለውናል።

ወንድሜ፣ ቺፑ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በመቀሱ ጫፉን ስለነካሁት አይሠራም። ከጨርቁ ሥር መልሼ ብሰፋው አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም፤ ሲፈቱት ያገኙታል፣ ‹‹ውሃ አበላሸው›› ይላሉ፣ ልጅቷ ክለብ ትገባለች። የእኔን ስፌት ከእኔ በቀር ማንም አይለየውም። ዝም ካልኩ ሲፈቱት ባዶ ይሆናል፤ ከተናገርኩም ቦታዋን በገዛ አፌ ላስወስድባት እችላለሁ። እስካሁን ለእሷ አልነገርኳትም። ምን ላድርግ? ከዚህ በፊት እንዲህ ብዬ ጠይቄህ አላውቅም።

እህትህ

ነሐሴ 18

ይድረስ ለእትዬ። ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፈው።

መጀመሪያ ‹‹ስፊው›› ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ፖስታውን ግን ማሸግ አቃተኝ።

በማግስቱ ረጅሙን ጠየቅሁት። ‹‹አንድ ሰው እንዲህ ቢገጥመው…›› ብዬ ስጀምር ‹‹ያ አንድ ሰው ማን ነው?›› አለኝ። ‹‹እህቴ›› አልኩት፤ ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ከአውቶቡሱ ሥር እንደተኛ ነው የሰማኝ። ‹‹ለእህትህ ብለህ ከሆነ ስፊው በላት። ለልጅህ ብለህ ከሆነ ግን የሮጠችው እኮ እሷ ናት። ማንም ያልጠየቃት እሷን ብቻ ነው›› አለኝ። እግሩን ብቻ እያየሁ ነው ያዋራሁት፤ ያልቀለደው በዚህ ምክንያት ነው መሰለኝ።

ስለዚህ ንገሪያት። ከመስፋትሽም፣ ለኮሚቴው ከመናገርሽም በፊት ለእሷ ንገሪያት። ያቺ በጎርፉ መካከል እግር የሚይዝ ቦታ ያገኘች ልጅ እዚህም አታጣም። ብትቆጣሽ ቻይ። እኔ ጠርጥሬሽ የጻፍኩትን ደብዳቤ ግን አቃጥይልኝ፤ ስለ እሱ ስትሰድቢኝ በስልክ ይሁን፣ መስመሩ እንዲቆራረጥ።

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም እውነቱን አውቀዋል። አለቃዬ ‹‹ታዲያ አራተኛ ናታ!›› አለ።

ወንድምሽ

ነሐሴ 28

ይድረስ ለወንድሜ። ሰላምህ ይብዛ። ደብዳቤህን አቃጥዬዋለሁ፤ ስድቡ ግን አልቀረልህም።

ነገርኳት። ቺፑን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ ከጎኑ መርፌና ክር አስቀምጬ ነገርኳት። መስፋት እንደምችልም አልደበቅኋትም። ቺፑን አነሳችና ‹‹የሱቅ ምልክት መሰለሽ?›› አለችኝ። ‹‹ቆዳሽን እንዳያሳክክሽ ብዬ›› አልኳት። ሳቀች፤ እስክታስላት ሳቀች። ቀጥሎ ተነስታ ወጣች፤ ከጓሮው ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እራት ላይ አላናገረችኝም። ጠዋት ስነሳ ካናቴራውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስፌቱን ራሷ በምላጭ ትፈታለች።

‹‹ይኼው ባዶ ነው›› አለችኝ። ‹‹ባዶውን ይዘን እንሄዳለን። ፎቶውንም፣ ቺፑንም፣ አንቺንም።››

‹‹ቢሰርዙሽስ?››

‹‹ያኔ እናደዳለሁ። አክስትዬ፣ ቦታዬን በጣም ነው የምፈልገው። ሌላ እንዳይመስልሽ።››

ሌላም ነገር ነበራት። የእሷ ቦታ ከተመለሰ አምስተኛ የተባለችው፣ ያቺ በደረቷ የገባችው፣ ወደ ስድስተኛ ትወርዳለች፤ ከክለቡም ትወጣለች። ልጅቷ ከወንዙ ማዶ ናት፤ ሻንጣዋን ካዘጋጀች ሰንብታለች አሉ። ሽቦ ‹‹ከኮሚቴ አፍ ከምትሰማው ከእኔ ትስማ›› ብላ ተነሳች። አሰልጣኙ ‹‹ምን ያጣድፍሻል፣ ጠላት ታፈሪያለሽ›› ቢላት አልሰማችውም። አብሬያት ሄድኩ።

የልጅቷ እናት ልብስ ታሰጣ ነበር። ሽቦ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሳትቀባባ ተናገረች፤ የእኔንም ጥፋት። እናትየዋ በእጇ የያዘችውን አንሶላ ሳታሰጣ ቆመች። ‹‹ታዲያ የልጄን ቦታ ልትወስጂ መጣሽ?›› አለቻት። ሽቦ ‹‹የራሴን ልጠይቅ ነው እማማ። ደብቄ መጠየቅ ግን አልፈለግሁም›› አለቻት።

ልጅቷ ከውስጥ ወጣች። ጉልበቷ ላይ የዚያ ቀን ቁስል ጠባሳው ገና ቀይ ነው። ሽቦን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ‹‹ከፊቴ ነበርሽ። ጎርፉ ውስጥ ስትወርጂ አይቼ ነው ተከትዬሽ የወረድኩት፤ አለዚያ አሥረኛም አልገባም ነበር›› አለች። እናቷ ‹‹ዝም በይ!›› አለቻት። እሷም ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ስንመለስ ሽቦ ከፊቴ ከፊቴ ትራመዳለች። እኔ በሆዴ ወንድሜ ይህን ባየ እላለሁ። የሩጫውን ቀን እያደነቅኋት ጽፌልህ ነበር፤ ያን ቀን ገና ምኗንም አላየሁም ነበር። በመጨረሻ ‹‹ስድስት ልጅ ውሰዱ ብለን ብንጠይቃቸውስ?›› አለችኝ። አሰልጣኙ ለኮሚቴው በሚያስገባው ማመልከቻ ላይ ጨምሮላታል። አልጋው አምስት ነው ብለው እምቢ ሊሉ እንደሚችሉም ነግሯታል።

እግሯ ሠላሳ ስምንት ነው።

ኮሚቴው የሚቀመጠው መስከረም 10 ጠዋት ነው። እኔ ቀርቤ እናገራለሁ። የልጅቷ እናት ትናንት ሰው ልካ ነበር፤ ልጇ ኮሚቴው ፊት መጥታ ያየችውን ትናገር ወይስ ትቅር እናትየዋ ገና አልወሰነችም። ቁርጡን መስከረም 9 አሳውቃችኋለሁ ብላለች።

እህትህ